ዘግይቶ የበሰለ ድምፅ፤ ኪርስተን ፍላግስታድ በዓለም የኦፔራ መድረክ

ኦፔራ በዜማ የሚነገር ተውኔት ነው ይባላል። ፍቺው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አንድ ከባድ ነገር ይሸሽጋል። በተውኔት መድረክ ላይ ተዋናይቱን ከተመልካቹ የሚለያት ዝምታ ብቻ ነው። በኦፔራ መድረክ ግን በሁለቱ መካከል ኦርኬስትራው የሚቀመጥበት ጉድጓድ አለ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ዋግነር «የኒቤሉንግ ቀለበት» ለተባለው ባለ አራት ክፍል ሥራው ወደ መቶ የሚጠጉ ሙዚቀኞችን በዚያ ጉድጓድ ውስጥ አሰልፏል። ድምፅ ማጉያ የሚባል መሣሪያ የለም። ዘፋኟ ያላት የራሷ ሳንባ፣ የራሷ ጉሮሮና የራሷ ትንፋሽ ብቻ ነው። በእነዚህም አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ተውኔት ተሸክማ፣ ቃሉ ሳይሰበር እስከ መጨረሻው ረድፍ እንድታደርስ ይጠበቅባታል። ለዚህ ሥራ የሚበቃውን የሴት ድምፅ የሙያው ሰዎች ድራማቲክ ሶፕራኖ ይሉታል። በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዲህ ያለውን ድምፅ የታደሉት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንደ መለኪያ የተቆጠረችው ኖርዌያዊቷ ኪርስተን ፍላግስታድ ናት። ስለ እርሷ የሚነገረው ታሪክ ዘወትር የሚጀምረው ከአንድ ቀን ነው፤ ይኸውም ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 1935 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ ብዙዎች ስሟን እንኳ አስተካክለው መጥራት ያልቻሉ አንዲት የ39 ዓመት ሴት ዚግሊንዴን ሆና ቆመች፤ በማግስቱም የአሜሪካ ጋዜጦች አዲስ ኮከብ ተገኘች ብለው ጻፉ። «ተገኘች» የሚለው ቃል ግን ሊመረመር ይገባዋል። የጠፋ ነገር ይገኛል፤ ፍላግስታድ ግን ጠፍታ አታውቅም። በዚያ ቀን ከሃያ አንድ ዓመት በላይ የመድረክ ሰው ነበረች። ፍሬውን የቀጠፈ ሁሉ ዛፉን ተካይ ተብሎ ከተመሰገነ፣ አፈሩን የኮተኮተው ሰው ስም ይረሳል። የዚህች ድምፃዊት የዓለም አቀፍ ጉዞ በትክክል እንዲገመገም ከተፈለገ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ይህ የተረሳው ኩትኮታ ነው።

ፍላግስታድ በጁላይ 12 ቀን 1895 ሀማር በምትባል የኖርዌይ ከተማ ተወለደች። አባቷ ሚካኤል ኦርኬስትራ መሪ፣ እናቷ ማያ ፒያኖ ተጫዋችና የዘፋኞች አስጠኚ ነበሩ። ቤቱ የሙዚቃ ቤት ነበር፤ ሀብት ግን አልነበረውም። ልጅቷ ገና በአሥር ዓመቷ የዋግነርን «ሎኸንግሪን» ኖታ በስጦታ አግኝታ የኤልሳን ክፍል በቃሏ ማጥናቷ ይነገራል። በ1913 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ በዋና ከተማዋ ብሔራዊ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ወጣች። የወጣችበት ሥራ የኦይገን ዳልበርት «ቲፍላንት» ነበር። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ቆላው» ማለት ነው፤ ከተራራ የወረደ አንድ እረኛ በቆላው ምድር ባለ መሬት ጌታ ተንኰል የሚጠመድበት ታሪክ ነው። የወጣቷ ድርሻ ኑሪ የምትባል የአንዲት ልጃገረድ ትንሽ ሚና ነበር። ይህ ሥራ በሕይወቷ መጨረሻ ተመልሶ ይመጣልና አንባቢ ስሙን በልቡ ቢይዘው መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ ስምንት ያህል ዓመታት በውጭ አገር የሕይወት ታሪኮች ውስጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ አንቀጽ የሚታለፉ ናቸው። ሆኖም የሥራው እምብርት እዚህ ላይ ነው። ኖርዌይ በዚያ ዘመን ቋሚ የኦፔራ ቤት አልነበራትም። ስለዚህ የተገኘውን ሁሉ መዝፈን ግድ ነበር፤ ዛሬ ቀላል የሳቅ ኦፔሬታ፣ ነገ የቢዜ «ካርመን» ውስጥ ሚካኤላን፣ ሌላ ጊዜ «ቶስካ»ን፣ ሌላ ጊዜ «አይዳ»ን። የምትዘፍነውም በአብዛኛው በራሷ ቋንቋ ለራሷ ሰዎች ነበር። በ1919 አግብታ በማግስቱ ዓመት ሴት ልጅ ወለደች፤ ከወሊድ በኋላ ድምፁ እንደ ሰፋና እንደ ከበደ ራሷ ተናግራለች። ስቶክሆልም ሄዳ ጊሊስ ብራት ከሚባል የጉሮሮ ሐኪምና የድምፅ መምህር ዘንድ ተምራለች። በ1928 የስዊድን ከተማ በሆነችው በየተቦሪ ታላቁ ቴአትር ተቀጥራ የቬበርን «ዴር ፍራይሹትስ»፣ ቆይቶም የሄንድልን «ሮዴሊንዳ» ዘፈነች።

እዚህ ላይ የድምፅን ሥራ ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከባድ ድምፅ እንደ ጥሬ ብረት ነው፤ ቶሎ የቀጠቀጡት እንደሆነ ይሰነጠቃል። በሃያ አምስት ዓመታቸው ኢዞልዴን እንዲዘፍኑ የተገፉ፣ በሠላሳ አምስት ዓመታቸውም ድምፃቸው የሚንቀጠቀጥና የሚሰባበር ዘፋኞች በየዘመኑ ታይተዋል። ፍላግስታድን ከዚህ ያዳናት ጥበብ ነው ወይስ የአገሯ መድረክ ትንሽነት? በአብዛኛው ሁለተኛው ይመስላል። ኖርዌይ ልትሰጣት ያልቻለችው ታላቅ ሚና በሌላ ገጽ ሲታይ ታላቅ ስጦታ ሆነ። ኢዞልዴን ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችው በጁን 1932 ኦስሎ ውስጥ ነው፤ ሠላሳ ሰባተኛ ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ቀናት ሲቀሯት። በዚያን ጊዜ ድምፁ ሙሉ፣ ትንፋሹ ረጅም፣ ጉሮሮውም ያልተነካ ነበር።

ከአገር ውጭ የወሰዳት መንገድ ወደ ጀርመኗ የባይሮይት ከተማ፣ ዋግነር ራሱ ወደ ሠራው ቴአትር ነበር። በ1933 የተሰጧት ሚናዎች ግን ትንንሾች ነበሩ፤ ከስምንቱ ቫልኪዩሮች አንዷንና ከሦስቱ የዕጣ ፈታይ ሴቶች አንዷን ሆና ሠራች። በሚቀጥለው ዓመት ዚግሊንዴንና ጉትሩነን አገኘች። ዓመተ ምሕረቱ ሊዘለል አይገባም፤ ሂትለር ሥልጣን የያዘው በዚያው በ1933 ሲሆን ባይሮይትም የአዲሱ አገዛዝ የተወደደ የበዓል ስፍራ ነበረ። ፍላግስታድ በዚያ ስለ ፖለቲካ አንዳች ነገር እንዳየች ወይም እንዳሰበች የሚያሳይ ነገር አይገኝም። ይህ አለማየት ከዓመታት በኋላ ዋጋ አስከፍሏታል።

በ1934 በጋ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ አስተዳዳሪ ጁልዮ ጋቲ ካሳትሳና የጀርመን ኦፔራዎች መሪው አርቱር ቦዳንስኪ በስዊዘርላንድ ሳንክት ሞሪትስ ድምፅ ለመፈተን ተቀምጠው ነበር። ታዋቂዋ ፍሪዳ ላይደር ለመጪው ወቅት እንደማትመለስ በመታወቁ ምትክ ይፈልጉ ነበር። ፍላግስታድ የተፈተነችው ምንጣፍና መጋረጃ በበዛበት የሆቴል ክፍል ውስጥ ነው። ጨርቅ ድምፅ ይበላልና ፈታኞቹ የድምፁን ስፋት አልተረዱም፤ ጨዋና የተዘጋጀች ዘፋኝ ናት ብለው ቀጠሯት እንጂ ምን እንደቀጠሩ አላወቁም። ያወቁት በኒው ዮርኩ ባዶ አዳራሽ በልምምድ ላይ በዘፈነች ጊዜ ነው።

የፌብሩዋሪ 2ቱ ትርኢት በራዲዮ በመላ አሜሪካ ይተላለፍ ነበር። በእረፍቱ መካከል ማብራሪያ ትሰጥ የነበረችው የቀድሞዋ ዝነኛ ሶፕራኖ ጄራልዲን ፋራር ያዘጋጀችውን ጽሑፍ ትታ የሰማችውን ድምፅ ለማመስገን ተነሣች። ከአራት ቀን በኋላ ፍላግስታድ ኢዞልዴን ዘፈነች፤ ወሩ ሳያልቅም ብሩንሂልዴን። በዚያው ወቅት በ«ፓርሲፋል» ውስጥ ያለችውን የኩንድሪን ከባድ ሚና በጥቂት ጊዜ አጥንታ መድረክ ላይ አቀረበች። በሚቀጥለው ዓመት ለንደንና ቪየና ሰሟት። ከዴንማርካዊው ቴኖር ከላውሪትስ ሜልኪዮር ጋር የምትቆምባቸው ምሽቶች ትኬት የማይገኝባቸው ሆኑ። ዘመኑ የታላቁ የኤኮኖሚ ድቀት ዘመን እንደ መሆኑ የሜትሮፖሊታን ካዝና ተራቁቶ ነበር፤ ቤቱ በእነዚያ ዓመታት በእግሩ እንዲቆም ከረዱት ነገሮች ዋነኛው ይህ ጥንድ ድምፅ ነው። አልፎ ተርፎም የሆሊዉድ ሰዎች የራስ ቁር አስደፍተው፣ ጦር አስይዘው፣ የብሩንሂልዴን የጦርነት ጩኸት በ1938ቱ የፓራማውንት የቀልድ ፊልም መካከል እንድትዘፍን አደረጓት። ፊልሙን ያየ ሰው ሴትየዋ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ቀልዱ ያልገባት እንግዳ መስላ መታየቷን ይታዘባል።

አሁን ወደ ጥበቡ እንመለስ። በዘመኗ የነበሩ ሃያሲያን በድምፁ ተገርመው ትወናዋን ግን ቀዝቃዛ ነው ይሉት ነበር። እጇን አታወናጭፍም፤ መድረኩን ዳር እስከ ዳር አትዞርም፤ ፊቷም ብዙ አይለዋወጥም። ከመድረክ በስተኋላ ሹራብ የምትሠራ፣ ከትርኢት በፊት ብቻዋን ካርታ የምትጫወት የቤት እመቤት መስላ ስለ መታየቷ ብዙ ተጽፏል። ይህ ነቀፌታ የተውኔትን ጠባይ ካለመረዳት የመጣ ነው። የዋግነር ገጸ ባሕርያት ድርጊታቸው በአብዛኛው በውስጥ ነው፤ ኦርኬስትራው የልባቸውን ማዕበል ሲናገር አካላቸው ደግሞ ያንኑ ለመድገም ቢፍጨረጨር የሚታየው ነገር አስቂኝ ይሆናል። ፍላግስታድ ቆማ መጠበቅን ታውቅበት ነበር። ቆሞ መጠበቅም በመድረክ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ሥራ መሆኑን ለተዋንያን ጽፎ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን በ1936 ለንደን ውስጥ በፍሪትስ ራይነር መሪነት በቀጥታ ከመድረክ የተቀዳ «ትሪስታንና ኢዞልዴ» አለ። በመጀመሪያው ገቢር ኢዞልዴ ለአገልጋይዋ ለብራንጌነ ያለፈውን ታሪክ ትነግራታለች። እጮኛዋን የገደለው ትሪስታን ቆስሎ፣ ስሙን ለውጦ፣ ለመዳን ወደ እርሷ መጥቶ ነበር። በሰይፉ ላይ ካለው ስባሪ ማንነቱን አወቀች። ሰይፉንም አንሥታ ልትገድለው ቆመች። እርሱ ግን ሰይፉንም እጇንም ሳይሆን ዓይኖቿን አየ። በዚህ ቦታ ኦርኬስትራው ራሱ ዝቅ ይላል። እስከዚህ ድረስ ፍላግስታድ እንደ እሳት ስትነድ ቆይታ እዚህ ላይ ድምፁን ታቀጥነዋለች፤ ይሁንና አታደክመውም። ማዳመጫው አሮጌ ነው፣ የአዳራሹ ሳልና የመድረኩ ኮቴ ይሰማል፤ ነገር ግን ሰይፉ ከእጇ ሲወድቅ ይታያል። ዓይን የማያየውን ነገር ጆሮን ማሳየት ከቻለች ስለ እጇ እንቅስቃሴ የሚነሣው ክርክር ዋጋ የለውም። ከዚያ ትረካ በኋላ የሚመጣው እርግማን ደግሞ ከፍተኛ ድምፆቹ ላይ ሳትጮህ የምትደርስበት ነው። ከታች የተነሣው ድምፅ ወደ ላይ ሲወጣ ቀለሙን አይለውጥም፤ አንድ ወንዝ እንደሆነ ይቀራል። ሌሎች ድራማቲክ ሶፕራኖዎች፣ ለምሳሌ ከእርሷ በኋላ የተነሣችው ስዊድናዊቷ ቢርጊት ኒልሰን፣ ኦርኬስትራውን እንደ ሰይፍ ይሰነጥቁታል፤ ፍላግስታድ ግን ኦርኬስትራውን ሞልታው ትሄዳለች። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚለው የጣዕም ጉዳይ ነው። ለቃሉ ክብደት የሚበጀው ግን የሁለተኛው መንገድ ነው።

ዝና ያመጣው ነገር ሁሉ መልካም አልነበረም። የፒያኖ አጃቢዋን ኤድዊን ማክአርተርን ሜትሮፖሊታን በኦርኬስትራ መሪነት እንዲቀበለው አጥብቃ ጠየቀች፤ በዚህም ምክንያት ከሜልኪዮርና ከቤቱ ሰዎች ጋር ቅሬታ ተፈጠረ። ይህ ግን ከሚከተለው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው።

በኤፕሪል 1940 ጀርመን ኖርዌይን ወረረች። ፍላግስታድ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ነበረች። በ1930 ያገባችው ሁለተኛው ባለቤቷ ሄንሪ ዮሃንሰን፣ ባለጸጋ የጣውላ ነጋዴ፣ ኦስሎ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የኮንሰርት ውሎቿን ፈጽማ፣ ወዳጆቿ እንዳትሄድ እየለመኗት፣ በኤፕሪል 1941 በሊዝበንና በበርሊን በኩል ወደ አገሯ ተመለሰች። ምክንያቷ ባሏ ዘንድ መሆን አለብኝ የሚል ነበር። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ በተያዘችው ኖርዌይም ሆነ በጀርመን አንድም ጊዜ አልዘፈነችም፤ የዘፈነችው ገለልተኛ በነበሩት በስዊድንና በስዊዘርላንድ ብቻ ነው። ባሏ ግን በከሐዲው በክቪስሊንግ ፓርቲ ውስጥ የተመዘገበ ሰው ነበር፤ በኋላ ከፓርቲው ቢወጣም ከወራሪው ጋር ነግዷል ተብሎ በ1945 ኖርዌይ ነፃ በወጣች ጊዜ ታሰረ፤ በ1946ም ፍርድ ሳይሰጥ ሞተ። እርሷ ራሷ በክሕደት አልተከሰሰችም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ፍርዶች ሲደጋገሙ ኖረዋል። አንደኛው ኪነ ጥበብ ከፖለቲካ በላይ ናት፣ ዘፋኝንም በድምፁ ብቻ ፍረዱት ይላል። ሁለተኛው ወደ ወራሪ ምድር በፈቃዱ የተመለሰ ከሐዲ ነው ይላል። ሁለቱም የማሰብን ድካም የሚያስቀሩ ፍርዶች ናቸው። ሁለተኛው ፍርድ እውነቱን ያጎድላል፤ ምክንያቱም ዝነኛ ድምፅን ለአገዛዛቸው ማስጌጫ ለማድረግ ይጓጉ ለነበሩ ሰዎች አንዲት ዜማ እንኳ አልሰጠቻቸውም። የመጀመሪያው ፍርድ ደግሞ ይበልጥ ያጎድላል። እርሷ ኦስሎ በደረሰች በሚቀጥለው ወር፣ በሜይ 1941፣ የኖርዌይ ተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ መቱ። መነሻው በወራሪው ቁጥጥር ሥር ባለው ራዲዮ አንሠራም ያሉ ተዋንያን የሥራ ፈቃዳቸው መነጠቁ ነበር። አድማው በዋና ከተማዋ ቴአትሮች ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ የአሥራ ስምንት ዓመቷ ኑሪ የተወለደችበት የብሔራዊ ቴአትር መድረክም ጨለመ። እነዚያ ተዋንያን የዓለም ዝና አልነበራቸውም፤ የሚሸሹበትም የስዊዘርላንድ ውል አልነበራቸውም። እንጀራቸውንና ነፃነታቸውን ይዘው ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። የፍላግስታድም ዝምታ ዝምታ ነበር፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ ማንም እንዲሰማው ያልታሰበ ዝምታ ነበር። ድምፅዋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውቅያኖስ ማዶ እስከ ማዶ ይሰማ የነበረ ሴት፣ ዝምታዋም ሊሰማ ይችል እንደነበር አልተገነዘበችም። ክሕደት አይደለም፤ የከያኒን ኀላፊነት አለማወቅ ግን ነው። የሁለቱን ልዩነት መለየት ለፍላግስታድም ለእነዚያ ተዋንያንም የሚገባ ፍትሕ ነው።

አሜሪካ ይህን ልዩነት ለመለየት ትዕግሥት አልነበራትም። በ1947 የጸደይ ወራት ለኮንሰርት በተመለሰች ጊዜ በካርኔጊ አዳራሽ ደጃፍ የተቃውሞ ሰልፍ ጠበቃት፤ በፊላደልፊያ ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ የሚከረፋ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶች ተወረወሩ። መዝፈኗን አላቋረጠችም። በ1949 በሳን ፍራንሲስኮ የአዳራሹ ባለአደራዎች እንዳትዘፍን ከለከሏት፤ ከብዙ ክርክር በኋላ እገዳው ተነሣ። ከሰልፈኞቹ መካከል ልጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ሰዎች ቢኖሩ የሚያስደንቅ አይሆንም፤ ቁጣቸውን እንደ ጋጠወጥነት ብቻ የሚተርኩ የፍላግስታድ አድናቂዎች ለድምፁ ያላቸው ፍቅር ፍርዳቸውን ጋርዶታል።

ለንደን በተለየ አቀባበል ተቀበለቻት። ከ1948 እስከ 1951 በኮቨንት ጋርደን የዋግነርን ሴቶች በየተራ ዘፈነች። በ1948 «ዲ ቫልኩረ» በእንግሊዝኛ እንዲቀርብ በተወሰነ ጊዜ ሃምሳ ሦስተኛ ዓመቷን የያዘችው ዘፋኝ ለዓመታት በጀርመንኛ የዘፈነችውን የብሩንሂልዴን ክፍል በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ አጠናች። ዛሬ ከዚያ ግማሽ ያህል ዝና ያላቸው ዘፋኞች እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። በአገሯ ትንንሽ መድረኮች ላይ፣ በተገኘው ቋንቋ የተገኘውን መዝፈን የለመደች ሴት ግን አልከበዳትም። በ1950 በሚላኖ ላ ስካላ በቪልሄልም ፉርትቬንግለር መሪነት ሙሉውን «ቀለበት» ዘፈነች። በዚያው ዓመት ሜይ 22 ቀን በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ፣ በዚሁ መሪ፣ ከስምንት ወር በፊት የሞተው ሪቻርድ ሽትራውስ የተወውን «አራት የመጨረሻ መዝሙሮች» ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሰማች። ሽማግሌው ደራሲ እርሷ እንድትዘፍናቸው ሳይሞት ጠይቋት ነበር።

ሜትሮፖሊታን የመለሳት ሰው ሩዶልፍ ቢንግ ነው። ቢንግ በቪየና የተወለደ፣ ከናዚዎች የሸሸ አይሁዳዊ ነበር። በ1950 የቤቱን አስተዳደር እንደ ያዘ፣ የሚከተለውን ጩኸት እያወቀ፣ ለመጀመሪያ ወቅቱ ፍላግስታድን ጠራ። በጃንዩዋሪ 1951 ኢዞልዴን ሆና ብቅ ስትል አዳራሹ ተነሥቶ ተቀበላት። በዚያ ቤት ኢዞልዴን ከ70 ጊዜ በላይ ዘፍናለች። የስንብት ሚናዋ ግን ኢዞልዴ አልነበረችም፤ በኤፕሪል 1 ቀን 1952 የግሉክን «አልሴስት» በእንግሊዝኛ ዘፍና ወጣች። አልሴስት ስለ ባሏ ነፍሷን አሳልፋ የምትሰጥ ንግሥት ናት። ምርጫው በድንገት ይሁን በሐሳብ፣ በአዳራሹ ውስጥ ትርጉሙ የተሰወረበት ሰው የነበረ አይመስልም።

በዚያው ዓመት ጁን ውስጥ ለንደን ላይ በፉርትቬንግለር መሪነት ሙሉው «ትሪስታንና ኢዞልዴ» በሸክላ ተቀዳ። ፍላግስታድ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሁለተኛው ገቢር የሚገኙትን ሁለቱን ከፍተኛ ዶዎች እንደማትደርስባቸው ታውቅ ስለነበር፣ እነዚያን ሁለት ድምፆች ኤሊዛቤት ሽቫርትስኮፕፍ በእርሷ ፈንታ ዘፈነቻቸው። ምስጢሩ ሳይቆይ ወጣ፤ ፍላግስታድም በጥልቅ ተጎዳች። ብዙ ተቀልዶበታል። ሆኖም ሸክላውን በጥሞና ያዳመጠ ሰው ሁለት ሰከንድ የማይሞላውን ብድር ትቶ የቀረውን አራት ሰዓት መመዘን ይገባዋል። የ1936ቷ ኢዞልዴ የተናደደች ንግሥት ናት። የ1952ቷ ኢዞልዴ ድምፅዋ ጠቁሯል፣ ከላይም አጥሯል፤ ነገር ግን የሚሆነውን ሁሉ አስቀድማ ታውቃለች። ያን የሰይፍ ታሪክ ስትተርክ ከእንግዲህ አትነድም፤ ትፈርዳለች፤ የምትፈርደውም በራሷ ላይ ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው የፊተኛውን ቢያሰሙ ትክክል ነው። የተውኔት ተማሪ ግን ከኋለኛው ይጀምር።

ከዝናዋ ሁሉ ጋር የማይሄድ የሚመስል አንድ ሌላ ሥራ አለ። በ1951 እንግሊዛዊው ተዋናይ በርናርድ ማይልስ በለንደን በራሱ ግቢ ውስጥ ሜርሜድ የተባለ ትንሽ ቴአትር ሲከፍት ፍላግስታድ የፐርሰልን «ዳይዶና ኢኔያስ» ዘፈነችለት። ደመወዟ በየቀኑ የሚቀርብላት ጥቁር ቢራ እንዲሆን ነበር የተዋዋሉት። አራት ሺህ ሰው ከሚይዝ አዳራሽ መጥታ ሁለት መቶ ያህል ሰው ፊት ቆመች። የዳይዶ የመሞቻ ዜማ የሚጠይቀው ጉልበት ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው ቁጥብነት ግን ከኢዞልዴ አያንስም። ከዚያ በኋላ ከመድረክ ወርዳ በሸክላ ብቻ ትሰማ ጀመር። በ1958 ቪየና ላይ፣ ከሃንጋሪ በተሰደደው አይሁዳዊ በጌዮርግ ሾልቲ መሪነት በተቀዳው «ዳስ ራይንጎልት» ውስጥ ፍሪካን፣ የባሏን ስሕተት በቤቷ ሆና የምታይ የአማልክት እመቤት፣ ዘፈነች።

በዚያው በ1958 ኖርዌይ በታሪኳ የመጀመሪያ የሆነውን ቋሚ የኦፔራ ድርጅቷን እንድትመራ ፍላግስታድን ጠራች። ከአሥር ዓመት በፊት ኖርዌያውያን ስሟን በምሬት ይጠሩ እንደነበር የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥሪ ክብደት አይስተውም። ድርጅቱ በ1959 መጋረጃውን የከፈተው በ«ቲፍላንት» ነበር። ኑሪን አንዲት ሌላ ዘፋኝ ዘፈነች። ፍላግስታድ በዚያ ዓመት ሥራዋ የወጣቶችን ድምፅ መምረጥ፣ ውል መፈረም፣ ስለ በጀት መሟገት ነበር፤ ጤናዋ እየደከመ ሄዶ በ1960 ኀላፊነቱን አስረከበች። ዲሴምበር 7 ቀን 1962 በኦስሎ አረፈች። በ1997 ምስሏ በአንድ መቶ ክሮነር የብር ኖት ላይ ታተመ፤ በ2008 በተከፈተው የኦስሎ የኦፔራ ቤት ፊት ያለውም አደባባይ በስሟ ተሰየመ። የብር ኖቱ በ2017 ተለውጦ በአሮጌ መርከብ ምስል ተተክቷል፤ አደባባዩ ግን አለ፤ በዚያ በኩል ወደ ልምምድ የሚያልፉት ወጣት ዘፋኞች ባሕር ሳይሻገሩ የሚቀጠሩበት ቤት አላቸው።